ኮሰረትን ያላመደው ማን ነው?

በትምህርት ቤት የተማርነው የኢትዮጵያ ታሪክ ጓሮ የለውም፡፡ አደባባይ አለው፤ ዙፋን አለው፤ የጦር ሜዳ አለው፤ ግብር የሚበላበት አዳራሽም አለው፡፡ ከአዳራሹ በስተጀርባ ወጡን ማን እንደሠራው፣ ቅቤው በምን እንደተነጠረ፣ ቅጠሉ ከየት እንደተቀጠፈ ግን የሚነግረን የለም፡፡ ንጉሡ ስንት ሰንጋ እንዳሳረዱ ይጻፋል፡፡ ስለ ቅጠሉ የጻፈ ጸሐፊ ትእዛዝ ካለ እስካሁን አላጋጠመኝም፡፡

እናም ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፤ ኮሰረትን ያላመደው ማን ነው?

ማላመድ ስል ስንዴን እንዳላመዱት፣ ጤፍን እንዳላመዱት፣ በሬን እንዳላመዱት ዓይነት ማለቴ ነው፡፡ ከዱር አምጥቶ፣ ደህና ደህናውን መርጦ፣ ደጋግሞ ተክሎ ከሰው ጋር መኖር ያስለመደው ማን ነው? ስሙ ማን ይባላል? ሐውልቱስ የት ቆመ? ትስቁ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን የምር ነው፡፡ ክትፎ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ይመለከታችኋል፡፡

የዱሯና የጓሮዋ

ኮሰረት አንዲት ሆና ሁለት ናት፡፡ የዕፅዋት ሊቃውንት አንድ ዓይነት ተክል ብለው ከመዘገቧት በኋላ ለሁለት ይከፍሏታል፡፡ አንደኛዋ በየተራራው ጥግና በየቁጥቋጦው መሃል የምትበቅለው የዱሯ ናት፤ በአማርኛ ከሴ ትባላለች፡፡ ቅጠሏ ለዕቃ ማጠቢያ እንጂ ለድስት አትፈለግም፡፡ ሁለተኛዋ የጓሮዋ ናት፤ ኮሰረት፡፡ እሷ ቅቤ ይነጠርባታል፤ ክትፎ ይታሽባታል፤ ጎመኑም ይሸትባታል፡፡

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሰማይ አልወረደም፡፡ የሆነ ዘመን፣ የሆነ ቦታ፣ አንዲት ሴት ከዱር ቁጥቋጦዎች መካከል አንዱ ከሌላው ይልቅ ጥሩ እንደሚሸት አወቀች፡፡ ቀንጥሳ ከቤቷ ኋላ ተከለችው፡፡ ጎረቤቷ ቀመሰችና «እትዬ፣ እስቲ ለእኔም አንድ ቁራጭ» አለቻት፡፡ ከዚያ ልጇ ስትዳር ወደ አማቾቿ አገር ይዛው ሄደች፡፡ አያችሁ፣ ይህንን ያየ የለም፤ የጻፈም የለም፡፡ ግን ከዚህ ብዙም በራቀ መንገድ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ጓሮ የሴቶች ርስት ነበር፡፡ እርሻው የባል ነው፤ በሬው የባል ነው፤ ከቤት ኋላ ያለችው ቁራሽ መሬት ግን የባልትና ናት፡፡

አድዋ በቅጠል ስም

አሁን ወደ ተጻፈው ታሪክ እንምጣ፡፡ የኮሰረት የሳይንስ ስም «ሊፒያ አዶኤንሲስ» ነው፤ የጓሮዋ ስትሆን ደግሞ መጨረሻው ላይ «ኮሰረት» የሚል ይጨመርበታል፡፡ ይህ ስም ራሱ ሦስት ታሪክ አዝሏል፡፡

የመጀመሪያው ቃል ኦጉስት ሊፒ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ መታሰቢያ ነው፡፡ ሊፒ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት የላከው የዱ ሩል መልእክተኛ ቡድን አባል ነበር፡፡ ቡድኑ ጎንደር አልደረሰም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1705 ሰናር ላይ ተገደለ፤ ሊፒም አብሮ አለቀ፡፡ ሳያያት የሞተባት አገር ቅጠል ዛሬ በስሙ ትጠራለች፡፡

ሁለተኛው ቃል «የአድዋዋ» ማለት ነው፡፡ ይህ ከ1888ቱ ጦርነት ጋር አይገናኝም፤ ከዚያ በፊት የመጣ ነው፡፡ ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ትግራይ መጣ፡፡ ለጥቂት ጊዜ ሊቆይ መጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1878 ድረስ፣ ቀረ፡፡ ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እንዲያስተዳድር እስከ መሾም አድርሰውታል፡፡ እሱ ያደረቃቸውን ቅጠሎች በወረቀት መሃል እየጠቀለለ ወደ አውሮፓ ሲልክ፣ እዚያ ያሉት ሊቃውንት ደግሞ ስም ያወጡላቸው ነበር፡፡ የእኛዋ ተክልም በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፍ ስትመዘገብ የተገኘችበትን አገር ስም ይዛ «የአድዋዋ» ተባለች፡፡ አድዋ በዓለም ጋዜጦች ከመነገሯ ከሃምሳ ዓመት በፊት በቅጠል ስም አውሮፓ ገብታ ነበር ማለት ነው፡፡

ሦስተኛውን ቃል የጨመሩት የእኛው ሰው ናቸው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፡፡ የጓሮዋ ከዱሯ ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗን ለይተው ሲመዘግቡ ላቲን አልፈለጉላትም፤ እናቶች በሚጠሯት ስም ኮሰረት አሏት፡፡ እኚህ ሰው ስምንት ቅጽ ያለውንና እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀውን የኢትዮጵያና የኤርትራ የዕፅዋት መዝገብ ካዘጋጁት ዋነኞቹ ናቸው፡፡

እንግዲህ ተመልከቱ፡፡ በዚህች ቅጠል ስም ውስጥ ጎንደር ያልደረሰ ፈረንሳዊ አለ፤ ጀርመናዊ ያለፈባት ከተማ አለች፡፡ ያላመዷት ሴቶች ድርሻ የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት፡፡ ቢሆንም እሷን ማንም አልነጠቃቸውም፡፡

ሮማውያን የረሷት፣ እኛ ያልረሳናት

ጓሯችን የአገር ተወላጆችን ብቻ አልነበረም የሚያስተናግደው፡፡ እንግዳም ተቀብሏል፡፡ ጤና አዳምን ውሰዱ፡፡ ስሟን ስትሰሙ ከኤደን ገነት በቀጥታ ጎንደር የገባች ይመስላችኋል፡፡ የትውልድ አገሯ ግን የሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ነው፡፡ የሳይንስ ስሟም «የሐለብ» የሚል ቃል አለበት፤ ሶርያ ያለችው ሐለብ፡፡

የሚገርመው ወዲህ ነው፡፡ ጤና አዳምና የቅርብ ዘመዷ በጥንቷ ሮም ወጥ ቤት ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበራቸው፡፡ በአፒኪዩስ ስም የሚታወቀው የሮማውያን የምግብ መጽሐፍ በየገጹ ይጠራቸዋል ማለት ይቻላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ800 ገደማ ንጉሥ ካርል ታላቁ በግዛቱ ጓሮዎች እንዲተከሉ ካዘዛቸው ተክሎች መካከልም ነበሩ፡፡ ከዚያ በኋላ አውሮፓ ቀስ በቀስ ከድስቷ አወጣቻቸው፡፡ ዛሬ ጣልያን ውስጥ በአረቄ ጠርሙስ ተዘፍዝፈው ካልሆነ በቀር በአውሮፓ ማዕድ ብዙም አታገኟቸውም፡፡

እዚህ ግን ቅጠሏ ቡና ላይ ጣል ይደረጋል፤ እርጎና አይብ ይሸትባታል፤ ፍሬዋ በርበሬ ውስጥ ይደለዛል፡፡ ቡና ላይ የመጣሏ ልማድ እንኳ በደገኛው ክርስቲያን ዘንድ በጣም የቆየ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ራሱ ቡናው በክርስቲያኑ ደጋ ቤት በሰፊው የገባው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወዲህ ነው፡፡ እናቶቻችን አሮጌ ቅጠል ይዘው አዲስ መጠጥ ሲመጣ አገናኟቸው፡፡ ጓሮ ማለት ይህ ነው፤ ሙዚየም አይደለም፤ ሙከራ የሚካሄድበት ቦታ ነው፡፡

(በነገራችን ላይ ስለ ጤና አዳም አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ባትወስዳት ይሻላል፡፡ ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ከመታው ደግሞ ያቆስላል፡፡ «ጤና» የሚለው ስሟ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፡፡)

ጓሮ ያልገባው ጦስኝ

የማላመድን ዋጋ ለማወቅ ያልተላመደውን ማየት ይበጃል፡፡ ጦስኝ የዚሁ ምድር ተወላጅ ነው፡፡ የሳይንስ ስሙም ያንኑ ሺምፐርን ያስታውሳል፡፡ የሚወደው ብርዳማውን ደጋ ነው፤ መንዝን፣ ባሌን የመሰለውን፡፡ ሻይ ይፈላበታል፤ በወጥና በበርበሬ ይገባል፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ በሚያምር ካርቶን ታሽጎ ይሸጣል፡፡

ነገር ግን ከሚሸጠው አብዛኛው ማንም ያልዘራው ነው፡፡ ከተራራ ላይ የሚለቀም ነው፡፡ ለቃሚው ሲቸኩል ከነሥሩ ይነቅለዋል፤ የተነቀለ ደግሞ ለከርሞ የለም፡፡ ፈላጊው በበዛ ቁጥር ተራራው እየተራቆተ ይሄዳል፡፡ ኮሰረት ተፈላጊነቷ ሲጨምር የሚተክላት ሰው ጨመረ፤ ጦስኝ ተፈላጊነቱ ሲጨምር የሚነቅለው ሰው ጨመረ፡፡ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ጓሮ ብቻ ናት፡፡

ጓሮ እንዴት አለቀ?

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ መጣን፡፡ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ሳትሆን የጊቢዎች ስብስብ ነበረች፡፡ መኳንንቱ ሰፊ ሰፊ ቦታ ተመሩ፤ ሎሌው፣ ወታደሩ፣ ወጥ ቤቷ፣ ጠጅ ጣይዋ በዙሪያቸው ሰፈረ፡፡ ዛሬም በመኳንንት ስም የሚጠሩት ሰፈሮች የዚያ ትዝታ ናቸው፡፡ ጊቢ ባለበት ደግሞ ጌሾ፣ ጎመን፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም አይጠፋም ነበር፡፡ ከተማው ከገጠር የመጣ ሰው ያቆመው ስለሆነ ገጠርን በጓሮው ይዞ ነው የመጣው፡፡

ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ፡፡ ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ፡፡ የደሃውን ቤት ያገኘ ብዙ ሰው ስላለ ይህን እንደ በደል ብቻ መቁጠር አይቻልም፡፡ የቀበሌ ቤት ጊቢ ለአምስት ለስድስት አባወራ የጋራ ሆነ፡፡ ኮሰረቷም አብራ የጋራ ሆነች፡፡ አንዷ ትተክላለች፤ ጊቢው ሁሉ ይቀጥፋል፤ አንዳንዴም በዚሁ ይጣላል፡፡

ሦስተኛው ዘመን የእኛ ነው፡፡ ከ1990ዎቹ መገባደጃ ወዲህ ኮንዶሚኒየም መጣ፡፡ ዕጣ የወጣለት እልል አለ፤ እልል ማለቱም ተገቢ ነው፤ ሽንት ቤት ያለው፣ ውኃ የሚመጣበት (በሚመጣበት ቀን) የራስ ቤት ማለት ቀላል አይደለም፡፡ የነደፉት ሰዎችም ስለ ወጥ ቤት ጨርሰው አልረሱም፤ እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ሕንፃ አብሮ ተሠርቷል፡፡ ስለ ጓሮ ግን ማንም አላሰበም፡፡ አራተኛ ፎቅ ላይ «ከቤት ኋላ» የሚባል ነገር የለም፤ ከቤት ኋላ የጎረቤት ግድግዳ ነው ያለው፡፡ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ደግሞ ከአሮጌ ሰፈሮች የተነሡ ብዙዎች ወደነዚሁ ሕንፃዎች ገቡ፡፡ ሶፋና ቁም ሳጥን በአይሱዙ ይጫናል፡፡ የኮሰረት ቁጥቋጦ ማን ይጭናል?

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ባልትና ሱቅ ሄጄ የደረቀውን እገዛለሁ» የሚል አይጠፋም፡፡ እኔም እገዛለሁ፡፡ ከዋሽንግተን ሐበሻ ሱቆችም አይጠፋም፡፡ ችግሩ ሌላ ነው፡፡ ድንብላል ከሱቅ ገዝታችሁ ብትዘሩት ይበቅላል፤ ዘር ነውና፡፡ የደረቀ የኮሰረት ቅጠል ግን ምን ቢደረግ አይበቅልም፡፡ ኮሰረት ብዙ ጊዜ የምትራባው በቁራጭ ነው፡፡ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ አንዷ ቁራጭ ከሌላዋ እየተቀነጠሰች ሳትቋረጥ እዚህ ደርሳለች፡፡ እናታችሁ ጊቢ ያለችው ቁጥቋጦ ያቺ የመጀመሪያዋ ሴት ከተከለቻት ጋር አንድ ግንድ ልትሆን ትችላለች፡፡ ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ሲበጠስ ያ ቤት ያቆየው ዓይነት አበቃ፡፡ በገንዘብ አይመለስም፡፡

መንግሥት አያስቀምጠውም ወይ?

ያስቀምጣል፤ የሚችለውን ያህል፡፡ ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን በበቅሎ ዞሮ፣ ከራስ ተፈሪም ጋር ተገናኝቶ፣ ይህች አገር ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ ናት ሲል መሰከረ፡፡ (እሱ ራሱ በ1943 በስታሊን እስር ቤት ሞተ፡፡) እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ውስጥ የዘር ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው፡፡ ማዕከሉን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ፡፡ መላኩ አጥብቀው ይሉት የነበረው ነገር ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፤ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መኖር አለበት የሚል ነው፡፡

ለማሳ የሠራው ሐሳብ ለጓሮ ይበልጥ ይሠራል፡፡ ስንዴ በከረጢት ታሽጎ በቅዝቃዜ ዓመታት ይቆያል፤ በቁራጭ የሚራባ ተክል ግን በሕይወት ተተክሎ መኖር አለበት፡፡ የዩኒቨርሲቲው ዘመደ አስፋውና ዘሪሁን ወልዱ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ወላይታና ስለ ጉራጌ ጓሮዎች ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አንዲት ጓሮ እንሰት፣ ጎመን፣ ቅመምና መድኃኒት ተደበላልቀው የሚኖሩባት ናት፡፡ የውጭ ሰው ሲያያት ዝብርቅርቅ ናት፤ ባለቤቷ ግን የእያንዳንዱን ቦታ ታውቃለች፡፡ ይህ ዕውቀት በማቀዝቀዣ አይገባም፡፡

የቀለም ቆርቆሮ ታሪክ

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሰልፍ አልጠራም፡፡ አንድ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ፈልጉ፡፡ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጣችሁም ይሆናል፡፡ ከታች አራት አምስት ቦታ ብሱት፤ ውኃ ከታቆረ ሥሩ ይበሰብሳል፡፡ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ደባልቃችሁ ሙሉት፡፡ ከዚያ ኮሰረት ያላት ዘመድ ወይም ጎረቤት ጋ ሂዱና ለምኑ፡፡ አንድ ስንዝር የምታህል ቁራጭ፣ የታችኛዎቹን ቅጠሎች አራግፋችሁ፣ ግማሿን አፈር ውስጥ አስገቡ፡፡ እስክትይዝ ጥላ ውስጥ አቆይታችሁ አፈሩን እርጥብ አድርጉ፤ ስትይዝ ወደ ፀሐይ አውጧት፡፡ ካልቆረጣችኋት ከቁመታችሁ ልትበልጥ ትችላለች፤ ስለዚህ ጫፍ ጫፏን እየቀጠፋችሁ አሳጥሯት፡፡ በቀጠፋችሁ ቁጥር ትንዠረገጋለች፡፡

ቅጠሏን ስታደርቁ በጥላ ይሁን፡፡ ሽታዋ የሚመጣው ሊናሎል ከሚባል፣ በድንብላልም ውስጥ ከሚገኝ የቅባት ዓይነት ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ተንኖ ይሄዳል፡፡ ቅቤ ስትነጥሩ በቀስታ እሳት ይሁን፤ አብሽ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ኮሰረት ጨምራችሁ፣ አረፋው ሲጠራ አጥልሉት፡፡ የራሳችሁ ቅጠል የገባበትን ቅቤና የሱቁን ጎን ለጎን ብታሸቱ ክርክሩ እዚያው ያልቃል፡፡

ጤና አዳም ከኮሰረት ይልቅ ታጋሽ ናት፤ ውኃ ብትረሱባት ትችላለች፣ ብታበዙባት ግን ትከፋለች፡፡ በሶብላ በየዓመቱ የሚዘራ ነው፤ ዘሩን ሰጥቶ ይደርቃልና ጥቂት ለከርሞ አስቀምጡ፡፡ ከሥጋ ቤት የለመድነው የጥብስ ቅጠልም በቁራጭ ይያዛል፡፡ አራት ቆርቆሮ፣ አንድ በረንዳ፡፡ ዲሹን ትንሽ ገፋ ብታደርጉት ቦታ ይወጣል፡፡

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ አባቶች፡፡ በጓሮ ያለ ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አይቆጥረውም፡፡ ነገሥታቱ ሐውልት አላቸው፤ ሊፒ እንኳ ሳይደርስ መታሰቢያ አግኝቷል፡፡ ኮሰረትን ያላመደችው ሴት ግን ስሟን የሚነግረን የለም፡፡ የቀረላት ተክሏ ነው፤ ተክሏም የሚኖረው ቀጥሎ የሚተክላት ሰው እስካለ ድረስ ነው፡፡

እናታችሁ ጋ ስትሄዱ ቁራጯን እንዳትረሱ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡